ዝንቦች በፍርድ ቤት፦ የነፍሳት ዕድገት የሞትን ጊዜ እንዴት ይናገራል?

የአንድ ሰው አስከሬን በጫካ ወይም በገደል ሥር ወድቆ ሲገኝ መርማሪዎች ከሚያነሷቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «መቼ ሞተ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለወጉ ያህል የሚቀርብ አይደለም። የተጠርጣሪው ዕጣ ፈንታ ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠለው በመልሱ ላይ ነው። ሟቹ የሞተው ማክሰኞ ከሆነና ተጠርጣሪው ማክሰኞ ዕለት ሌላ ከተማ እንደነበረ በምስክር ካረጋገጠ ነጻ ይወጣል፤ ሞቱ ረቡዕ ነው ከተባለ ግን ያ ሁሉ ምስክር ከንቱ ይሆናል።

ሐኪሞች ይህን ጥያቄ የሚመልሱት በአስከሬኑ ላይ የሚታዩ ለውጦችን በማየት ነው። ከሞት በኋላ ሰውነት ከአካባቢው ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ድረስ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ጡንቻዎች ይገተራሉ፣ ቆይተውም ተመልሰው ይላላሉ፤ ደም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ወርዶ የቆዳውን ቀለም ይለውጣል። እነዚህ ምልክቶች ግን በደንብ የሚያገለግሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ነው። ሰውነቱ አንዴ የአካባቢውን ሙቀት ከያዘ በኋላ ቴርሞሜትር አዲስ ነገር አይነግረንም። ሐኪሙ እዚህ ሲደርስ ሌላ ሰዓት መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። ይህን ሰዓት የምታስጀምረው ዝንብ ናት።

በነፍሳት አማካይነት የወንጀል ምርመራን የሚያግዘው የሳይንስ ዘርፍ ፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ ይባላል። በዚህ ጽሑፋችን ዘርፉ የሞትን ጊዜ እንዴት እንደሚገምትና ግምቱ እስከምን ድረስ እንደሚታመን እንመለከታለን። ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን ደስ እንደማይል እናውቃለን፤ ሆኖም ከዚህ በታች እንደሚታየው አንዳንድ ሰዎች ነጻነታቸውን ያገኙት፣ ሌሎችም የሠሩት ግፍ የተገለጠባቸው በዚሁ ዕውቀት እገዛ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትል ዕድሜ እንዳለው የታወቀው መቼ ነው?

ስለ ዝንብና ስለ ወንጀል የሚናገረው የታወቀ ጥንታዊ ታሪክ የሚገኘው በቻይና ነው። ሶንግ ሲ የተባሉት ዳኛ በ1247 ባዘጋጁት የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ውስጥ በማጭድ ስለተገደለ አንድ ሰው ተጽፏል። መርማሪው የመንደሩ ሰዎች ማጭዳቸውን ሁሉ አምጥተው በአንድ ቦታ እንዲደረድሩ ያዝዛሉ። ማጭዶቹ ሁሉ ንጹሕ ይመስሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዝንቦች በአንዱ ላይ ብቻ ተሰበሰቡ። ዓይን ያላየውን የደም ቅሪት ዝንቦች አሽትተውት ነበርና የማጭዱ ባለቤት ጥፋቱን አመነ።

ይህ ታሪክ ግን ስለ ጊዜ የሚነግረን ነገር የለም። ነፍሳት ጊዜን ሊናገሩ የሚችሉት ትል ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ ብቻ ነው። ለረጅም ዘመን ትል ከበሰበሰው ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ተብሎ ይታመን ነበር። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1668 ባሳተመው ሥራው፣ በስስ ጨርቅ የተሸፈነ ሥጋ ቢበሰብስም እንደማይተላ፣ ክፍት የተተወው ግን ዝንብ አርፎበት እንደሚተላ አሳየ። ሙከራው በየመማሪያ መጽሐፉ ስለ ሕይወት አመጣጥ ሲወሳ ይጠቀሳል፤ ለእኛ ርዕስ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። እያንዳንዱ ትል አንዲት ዝንብ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ከጣለችው እንቁላል የወጣ ከሆነ ትሉ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ዕድሜ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ወደ ኋላ ሊቆጠር ይችላል።

ይህንን ቆጠራ ለፍርድ ሥራ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው ሐኪም ቤርዠሬ ይገኛሉ። በ1850 አርብዋ በምትባል ከተማ አንድ ቤት ሲታደስ ከምድጃው ጀርባ የደረቀ የሕፃን አስከሬን ተገኘ። ቤርዠሬ በአስከሬኑ ላይ ያገኟቸውን ነፍሳት መርምረው ሕፃኑ እዚያ የተቀመጠው በ1848 ነው አሉ፤ በመሆኑም ጥርጣሬው በወቅቱ በቤቱ ከሚኖሩት ላይ ተነሥቶ ቀድሞ ወደነበሩት ተዛወረ። ዛሬ ሲታይ ስሌታቸው ጉድለት ነበረበት። የነፍሳቱ ዕድገት ከተጨባጩ እጅግ የረዘመ ጊዜ እንደሚወስድ አድርገው አስበው ነበር። የጥያቄው አቀራረብ ግን ትክክል ነበር። በ1894 ሌላው ፈረንሳዊ ዣን ፒየር ሜኛ፣ በሜዳ ላይ በተጣለ አስከሬን ላይ ነፍሳት በስምንት ተከታታይ ማዕበሎች እንደሚመጡ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጀመሪያ ዝንቦች፣ በመጨረሻም የደረቀ ቆዳና ፀጉር የሚበሉ ጥንዚዛዎችና የመሳሰሉት ይመጣሉ። ይህ የተራ አመጣጥ ወራትና ዓመታት ላለፏቸው አስከሬኖች ይጠቅማል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከሁሉም በላይ የሚታመነው የዝንብ ዕድገት ነው።

ከእንቁላል እስከ ዝንብ

በቤታችን ከምናውቃት ግራጫ ዝንብ የሚለዩ፣ ሰውነታቸው እንደ ተወለወለ ብረት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ዝንቦች አሉ። በቄራ አካባቢ ያለፈ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል። የካሊፎሪዴ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሬሳን ሽታ ከሩቅ ያውቃሉ፤ አየሩ ሞቃት፣ ጊዜውም ቀን ከሆነ ሞት በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርሱ ይችላሉ። ሴቷ ዝንብ እንቁላሎቿን የምትጥለው እርጥበት ባለበት ቦታ፣ ማለትም በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በአፍና በቁስል አካባቢ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ደቃቅ ትል ደረቅና ጠንካራ ቆዳን መብሳት አይችልምና።

በሳይንሱ ቋንቋ እጭ የምንለው ይህ ትል ሦስት የዕድገት ደረጃዎችን ያልፋል፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲሸጋገርም ቆዳውን ገፍፎ ይጥላል። ደረጃውን ለመለየት ርዝመቱን መለካት ብቻ አይበቃም፤ በምግብ እጥረት የቀጨጨ እጭ ከዕድሜው በታች ሊመስል ይችላል። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው የእጩን ኋላ ነው። እጩ አፉን ምግቡ ውስጥ ቀብሮ የሚተነፍሰው በኋላ ጫፉ ባሉ ሁለት ክብ አካላት ሲሆን፣ በሁለተኛው ደረጃ በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ስንጥቆች፣ በሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ሦስት ስንጥቆች ይታያሉ። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚገኝ ተራ ማይክሮስኮፕ ይህን ለማየት ይበቃል።

እጩ ጠግቦ ሲጨርስ አስከሬኑን ትቶ ይሄዳል። ወደ አፈር ወይም ወደ ምንጣፍ ሥር ገብቶ የውጭ ቆዳው እንደ በርሜል ቅርጽ ይይዝና እየጠነከረ፣ እየጠቆረም ይሄዳል። ይህ የፑፓ ደረጃ ነው። በመጨረሻ ክንፍ ያላት ዝንብ ቅርፊቱን ሰብራ ትወጣለች፤ ባዶው ቅርፊት ግን ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ይቆያል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ከሁሉም ቀድመው የመጡት፣ ማለትም ለመርማሪው እጅግ የሚያስፈልጉት ነፍሳት፣ በአስከሬኑ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። በዙሪያው ያለውን አፈር ሳይቆፍር የሚመለስ መርማሪ የሰዓቱን መጀመሪያ ጥሎ ይመለሳል።

ሉሲሊያ ሴሪካታ የተባለችውን አረንጓዴ ዝንብ ለአብነት እንውሰድ። ካማል የተባሉ ተመራማሪ በ1958 ባሳተሙት ጥናት በ26.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እንቁላሏ በ18 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። ሦስቱ የእጭ ደረጃዎች 20፣ 12 እና 40 ሰዓት ይወስዳሉ። እጩ መብላት ካቆመ በኋላ 90 ሰዓት ያህል ይንከራተታል፤ የፑፓው ዘመን ደግሞ 7 ቀን ያህል ነው። እነዚህ በአማካይ የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ እጭ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ሙቀቱ ከተለወጠ ደግሞ ሁሉም ይለወጣሉ።

ሙቀት ሲደመር

ሰው የውስጥ ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል፤ ዝንብ ግን አትችልም። ሰውነቷ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ከአካባቢዋ ጋር ነው። ስለሆነም ሲሞቅ ትፋጠናለች፣ ሲበርድ ትዘገያለች፤ ከተወሰነ ዝቅተኛ ሙቀት በታች ደግሞ ዕድገቷ ጭራሹን ይቆማል። ይህ ባሕርይ በመጀመሪያ ሲታይ ሰዓቱን የማይታመን ያደርገው ይመስላል። አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ የሚሄድን ሰዓት ማን ያምነዋል? መልሱ ሙቀቱን ራሱን እንደ ጊዜ መቁጠር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዕለቱ አማካይ ሙቀት ላይ ዕድገት የሚቆምበት ዝቅተኛ ሙቀት ይቀነሳል፤ የሚተርፈው የዚያ ቀን ድርሻ ነው። የየቀኑ ድርሻ ሲደመር የሚገኘው ዲግሪ-ቀን ይባላል። አንድ የዝንብ ዝርያ ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ የሚያስፈልገው የዲግሪ-ቀን ድምር፣ ሙቀቱ እጅግ እስካልበዛ ድረስ፣ ብዙም አይለዋወጥም። ማርቼንኮ የተባሉ ተመራማሪ በ2001 ባሳተሙት ሥራ ለሉሲሊያ ሴሪካታ ዝቅተኛውን ሙቀት 9 ዲግሪ፣ ድምሩን ደግሞ 207 ዲግሪ-ቀን አድርገውታል።

ቁጥሩን ወደ አገራችን አምጥተን እንሞክረው። በአዲስ አበባ አማካይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ የሆነ ወቅት ቢሆን የየቀኑ ድርሻ 7 ዲግሪ ነው፤ 207ን ለ7 ስናካፍል 30 ቀን ገደማ እናገኛለን። በድሬዳዋ አማካይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን የየቀኑ ድርሻ 16 ይሆናልና ዕድገቱ በ13 ቀን ያልቃል። በአንድ ቀን ጉዞ በምንደርስባቸው በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል የአንዲት ዝንብ ዕድሜ ከእጥፍ በላይ ይለያያል ማለት ነው። ደጋና ቆላ እንደ አገራችን በተቀራረቡበት ምድር፣ የከተማን የአየር ጠባይ መዝገብ ወስዶ በገደል ሥር ለተገኘ አስከሬን መጠቀም ምን ያህል እንደሚያሳስት አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። በተጨማሪም የአንድ ዝርያ ዝንቦች እንኳ ከቦታ ቦታ በዕድገት ፍጥነት ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ በአውሮፓ የተለካው ቁጥር ያለ ማጣራት ለአፍሪካ ዝንብ አይሠራም። የየአገሩን ዝንብ በየአገሩ ሙቀት አሳድጎ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ትዕግሥት ላለው ተማሪ የሚሆን ሥራ ነው።

በሥፍራው የሚሠራውም ከዚሁ ይመነጫል። ባለሙያው ትልልቆቹን እጮች ለይቶ ይሰበስባል፤ ከፊሎቹን በሞቀ ውኃ ገድሎ በአልኮል ያስቀምጣል። ሳይሞቁ በአልኮል የተጨመሩ እጮች ይኮማተራሉና ርዝመታቸው ያሳስታል። የቀሩትን በሕይወት ወስዶ ዝንብ እስኪሆኑ ያሳድጋቸዋል፤ ምክንያቱም የብዙ ዝርያዎች እጮች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ማንነታቸው በርግጥ የሚታወቀው ክንፍ ሲያወጡ ነው። በሥፍራው ለተወሰኑ ቀናት የሙቀት መመዝገቢያ ይተክልና ንባቡን በአቅራቢያው ካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ጋር ያነጻጽራል። የወንዙ ሸለቆ ከጣቢያው ስንት ዲግሪ እንደሚበርድ ካወቀ ያለፉትን ቀናት ማስተካከል ይችላል።

የስኮትላንዱ ገደል

መስከረም 29 ቀን 1935 በደቡብ ስኮትላንድ ሞፋት ከምትባል ከተማ አጠገብ በድልድይ ላይ ያለፈች ሴት ከበታቿ ባለው ሸለቆ ውስጥ አንድ ጥቅል ተመለከተች። ጥቅሎቹ ተፈልገው ሲሰበሰቡ ተቆራርጠው የተጣሉ የሁለት ሴቶች አስከሬን ሆኑ። ገዳዩ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ፊታቸውንና ጣቶቻቸውን ሳይቀር አበላሽቶ ነበር።

ከአስከሬኖቹ የተሰበሰቡት እጮች ወደ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተላኩ። በዚያ የነበሩት ዶክተር አሌክሳንደር ሜርንስ፣ እጮቹ የዛሬ መጠሪያዋ ካሊፎራ ቪሲና የሆነችው ሰማያዊ ዝንብ መሆናቸውን ለይተው ዕድሜያቸውን ከ12 እስከ 14 ቀን ገመቱ። ግምቱ ጥርጣሬውን ወደ መስከረም አጋማሽ ወሰደው። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው የእንግሊዟ ላንካስተር ከተማ የሐኪሙ የባክ ራክስተን ባለቤትና የልጆቻቸው ሞግዚት ከመስከረም 14 ሌሊት ወዲህ አልታዩም ነበር። ከአስከሬኖቹ መጠቅለያዎች አንዱ ደግሞ በመስከረም 15 የወጣ፣ በላንካስተርና በአካባቢዋ ብቻ የተሸጠ የጋዜጣ ልዩ እትም ሆኖ ተገኘ። ራክስተን በማንቸስተር ተፈርዶበት በግንቦት 1936 በስቅላት ተቀጣ።

ራክስተንን ያስፈረዱት ትሎቹ ብቻ እንዳልነበሩ መግለጽ ይገባል። የጣት አሻራ፣ የራስ ቅልን ከፎቶግራፍ ጋር ማስተያየትና ጋዜጣው የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ትሎቹ ያደረጉት ነገር ጊዜውን ከሌላ አቅጣጫ ማረጋገጥ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ማስረጃ ከሁሉም ይልቅ የሚያምርበት እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ሰዓቱ ሲዛባ

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጥንቃቄ መለየት ያለበት ጉዳይ አለ። እጩ የሚናገረው እንቁላሉ ከተጣለ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጂ ሰውየው ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነ አይደለም። ሁለቱ በአብዛኛው ይቀራረባሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ «ከ10 ቀን በፊት ሞቷል» አይልም፤ «ቢያንስ 10 ቀን ሆኖታል» ይላል።

የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሊ ጎፍ የገጠማቸው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በብርድ ልብስ ተጠቅልላ የተገኘች ሴት አስከሬን ላይ ያሉት ነፍሳት 10 ቀን ተኩል ሲናገሩ፣ ሴትየዋ ከታየች ግን 13 ቀን ሆኗት ነበር። ጎፍ የአሳማ ሬሳ በተመሳሳይ ሁኔታ ጠቅልለው በቤታቸው ጓሮ አስቀመጡና ጠበቁ። ዝንቦች ብርድ ልብሱን አልፈው እንቁላል እስኪጥሉ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀባቸው። ጎረቤቶቻቸው ስለ ሽታው ምን እንዳሉ ባናውቅም ሒሳቡ ግን ገጠመ።

ሌሎችም መሰናክሎች አሉ። ዝንቦች በጨለማና በዝናብ እንቁላል መጣል አያዘወትሩም። እጮች በብዛት ሲከማቹ የሚያመነጩት ሙቀት ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊበልጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የአየር ጠባዩን ብቻ ይዞ ማስላት ዕድሜያቸውን ያስረዝማል። ጎፍና ባልደረቦቻቸው በ1989 እንዳሳዩት በሟች ሰውነት ውስጥ ያለ ኮኬይን የእጮችን ዕድገት ያፋጥናል። በአፍሪካ በሰፊው የምትገኘው ክራይሶሚያ አልቢሴፕስ ደግሞ እጮቿ ቀድመው የመጡትን የሌሎች ዝንቦች እጮች ይበላሉ፤ ምስክሩ ቃሉን ሳይሰጥ ይጠፋል እንደማለት ነው።

ባለሙያዎችም ይለያያሉ። በ1959 በካናዳ አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ የ12 ዓመት የትምህርት ቤት ጓደኛውን ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ያስፈረደበት አንዱ ዋነኛ ማስረጃ ሐኪሙ በሆድ ዕቃ ላይ ብቻ ተመሥርተው የሞቱን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ክፍተት ውስጥ መወሰናቸው ነበር። ጉዳዩ ከ47 ዓመት በኋላ እንደገና ሲታይ በወቅቱ ተለክተው የተመዘገቡት እጮችም ለምርመራ ቀረቡ፤ ነገር ግን ያንኑ መዝገብ የተመለከቱት የነፍሳት ባለሙያዎች በአንድ ቃል አልተስማሙም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 ሰውየውን ነጻ አወጣቸው። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ክብደት ያገኘው የሆድ ዕቃው ማስረጃ መውደቁ ነበር።

ያልተጣለ እንቁላል

በመጨረሻ፣ አንድም ነፍሳት ያልተገኘበትን ጉዳይ እንይ። በሐምሌ 8 ቀን 2001 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በቆሻሻ መጣያ አጠገብ ብዙ ቁስል ያለበት የአንድ ሰው አስከሬን ተገኘ። በግድያው የተከሰሰችው የ18 ዓመት ወጣት በዕለቱ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ሌሊት ከከተማዋ 270 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ትንሽ ከተማ ከቤተሰቧ ጋር እንደነበረች ምስክሮች ተናገሩ። ዐቃቤ ሕግ ግን ግድያው የተፈጸመው ገና ማለዳ ሳይነጋ ነው፣ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ነድታ ሄዳለች ሲል ተከራከረ። ወጣቷ በ2002 ጥፋተኛ ተባለች፤ ፍርዱ ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና ቢታይም በ2006 ዳግመኛ ተፈረደባት።

ከዓመታት በኋላ የነፍሳት ባለሙያዎች የአስከሬኑን ፎቶግራፎችና የምርመራ መዝገቡን ተመለከቱ። በአስከሬኑ ላይ አንድም የዝንብ እንቁላል አልነበረም። በሐምሌ ወር በዚያ በረሃማ ከተማ ቀኑ ይግላል፣ ዝንብም በብዛት አለ። በደም የተነከረ አስከሬን ከንጋት እስከ ምሽት በውጭ ቢውል በቁስሎቹ ላይ እንቁላል ሳይጣልበት መዋል ለማመን የሚቸግር ነው። በዚያ ዕለት ፀሐይ የጠለቀችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ስለዚህ ሰውየው የሞተው ዝንቦች ሥራቸውን ካቆሙ በኋላ፣ ማለትም በምሽት፣ አስከሬኑ ከመገኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የሚል ምስክርነት ለፍርድ ቤት ቀረበ። በዚያ ሰዓት ወጣቷ የት እንደነበረች ደግሞ አከራካሪ አልነበረም።

ዳኛዋ በታኅሣሥ 2017 ፍርዱን ሻሩት። በዚያው ወር መጨረሻ ክሱ ተነሣ፤ በ18 ዓመቷ የተያዘችው ሴት ከእስር ቤት ስትወጣ ዕድሜዋ 35 ደርሶ ነበር።